ከኋላ ወንበር ምን ይታያል? ሠርቶ ስለማሳየት የመምህራን ጥያቄዎች

በዚህ እትም የምንመልሳቸው ደብዳቤዎች በአንድ ጉዳይ ላይ ያተኮሩ ናቸው፤ ክፍል ውስጥ ሠርቶ በማሳየት ማስተማር። ተመሳሳይ ጥያቄዎችን አንድ ላይ አድርገናቸዋል። ቤተ ሙከራ የሌላቸውን ትምህርት ቤቶች በማሰብም፣ የምንጠቅሳቸው ዕቃዎች ከሰፈር ሱቅና ከማድቤት የሚገኙ እንዲሆኑ ሞክረናል።

ጥያቄ፦ ተማሪዎቼ ሠርቼ ሳሳያቸው ደስ ይላቸዋል፣ ያጨበጭባሉ። በሳምንቱ ያንኑ ነገር በፈተና ስጠይቃቸው ግን በትክክል የሚመልሰው ጥቂት ነው። ምን አጎደልኩ?
(የ9ኛ ክፍል ፊዚክስ መምህር፣ ደሴ)

መልስ፦ ያጎደሉት ምናልባት ውጤቱ ከመታየቱ በፊት ያሉትን ሁለት ደቂቃዎች ነው። ተማሪ ምን እንደሚሆን ሳይገምት ያየው ነገር ትዕይንት ሆኖ ያልፋል። በ2004 እ.ኤ.አ. ከሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የወጣ ጥናት ይህንኑ በፊዚክስ ተማሪዎች ላይ ፈትሾት ነበር። ዝም ብለው የተመለከቱት ተማሪዎች የክስተቱን ምክንያት በማስረዳት ጨርሶ ካላዩት እምብዛም አልበለጡም። ከማየታቸው በፊት ግምታቸውን እንዲያስቀምጡ የተደረጉት ግን ተሽለው ተገኙ። ለዚህ የወሰደው ተጨማሪ ጊዜ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነበር።

በፔንዱለም እንየው፤ ከኋላም ስለሚታይ ለትልቅ ክፍል ይስማማል። የማይለጠጥ ሲባጎ (ላስቲክነት ያለው ክር አይሆንም) በበሩ ጉበን ላይ ወይም ከጣሪያው በወረደ ሚስማር ላይ ይሰሩ። ጫፉ ላይ ድንጋይ ይንጠልጠል። ከተንጠለጠለበት ነጥብ እስከ ድንጋዩ መካከል ድረስ ልክ 1 ሜትር ይሁን። ከዚያ ይጠይቁ፦ «በእጥፍ የሚከብድ ድንጋይ ብንሰቅል፣ 10 ጊዜ ደርሶ ለመመለስ የሚፈጅበት ጊዜ (ሀ) ይረዝማል (ለ) ያጥራል (ሐ) አይለወጥም?» እያንዳንዱ ተማሪ መልሱን ደብተሩ ላይ በአንድ ፊደል ይጻፍ። እጅ ማውጣት ከጽሑፉ በኋላ ይምጣ። አስቀድመው እጅ ካስወጡ ግማሹ ክፍል የአንደኛ ወጪውን እጅ አይቶ ነው የሚያወጣው። ድምፁን ቆጥረው ሰሌዳው ጥግ ላይ ያስፍሩት፤ ለአንድ ደቂቃም ጎን ለጎን የተቀመጡት ይከራከሩ።

አሁን ይልቀቁት። 1 ሜትር ርዝመት ያለው ፔንዱለም 10 ጊዜ ደርሶ ለመመለስ 20 ሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል። ድንጋዩ ቀለለም ከበደም ያው ነው፤ ከባዱን መሬት የበለጠ ትስበዋለች፣ ግን እሱን ለማንቀሳቀስ የሚያስፈልገውም ጉልበት በዚያው ልክ ይበልጣል። ቀጥለው ሲባጎውን ወደ 25 ሴንቲ ሜትር አሳጥረው እንደገና ያስገምቱ። ብዙዎቹ «ሩብ ስለሆነ 5 ሰከንድ» ይላሉ። የሚያገኙት 10 ሰከንድ ነው። ርዝመቱ በአራት እጥፍ ሲቀንስ ጊዜው በግማሽ ብቻ እንደሚቀንስ ቀመሩን ሰሌዳ ላይ ከመጻፍዎ በፊት አዩት ማለት ነው።

ይህ ሠርቶ ማሳያ የሚበላሽባቸው ሦስት ቦታዎች አሉ። አንደኛው ቆጠራው ነው። ድንጋዩ ሲለቀቅ «አንድ» ብሎ የሚጀምር ተማሪ የሚለካው 9 ብቻ ስለሆነ 18 ሰከንድ ያገኛል። ሲለቀቅ «ዜሮ» መባል አለበት። ሁለተኛው ትልቁ ድንጋይ ሲታሰር መካከሉ ዝቅ ስለሚል ርዝመቱ ሳይታወቅ መጨመሩ ነው፤ ተማሪዎቹም «ክብደት ጊዜ ያረዝማል» የሚል የተሳሳተ ማስረጃ ይዘው ይወጣሉ። ድንጋይ በቀየሩ ቁጥር እስከ መካከሉ ይለኩ። ሦስተኛው ከልክ በላይ ጎትቶ መልቀቅ ነው፤ ለ1 ሜትር ሲባጎ ወደ ጎን 25 ሴንቲ ሜትር በቂ ነው።

ምክንያቱን ለማስረዳት አይቸኩሉ። መጀመሪያ የተሳሳተ ግምት ያስቀመጡት «ለምን እንደዚያ መሰለን?» የሚለውን ይናገሩ። እዚህ ላይ አንድ ተማሪ ከተሳቀበት፣ ከዚያን ቀን ወዲያ እውነተኛ ግምቱን የሚጽፍልዎ ተማሪ አያገኙም።

ጥያቄ፦ ክፍሌ 70 ተማሪ ይዟል። ፊት የተቀመጡት ብቻ ያያሉ፤ ኋላ ያሉት ያወራሉ። ዕቃውን በየወንበሩ ባዞረውም ክፍለ ጊዜው ያልቃል።
(የ7ኛ ክፍል የሳይንስ መምህርት፣ ወልቂጤ)

መልስ፦ ኋላ ያሉት የሚያወሩት ስለማያዩ ነው፤ የሥነ ሥርዓት ችግር አድርገው አይውሰዱት። ከትምህርቱ በፊት ዕቃውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው መጨረሻው ዴስክ ላይ ቁጭ ብለው ይመልከቱት። ቀላል ቢመስልም ከምንመክራቸው ነገሮች ሁሉ በብዛት የሚዘለለው ይህ ነው።

ለሰሌዳ ጽሑፍ የሚያገለግለው ስሌት ለዕቃም ያገለግላል፤ ለእያንዳንዱ 3 ሜትር ርቀት 2.5 ሴንቲ ሜትር ቁመት። መጨረሻው ዴስክ 8 ሜትር ላይ ከሆነ፣ እንዲታይ የሚፈልጉት ነገር ወደ 7 ሴንቲ ሜትር ይጠጋ። ቴስት ቲዩብ ውስጥ ያለች ጠብታ ቀለሟ ሲቀየር ከሦስተኛው ረድፍ ወዲያ የሚያያት የለም። በቴስት ቲዩቡ ፋንታ የብርጭቆ ዋንጫ ወይም አንገቱ የተቆረጠ የ1 ሊትር ሃይላንድ ይጠቀሙ። ውሃው እንዲለይ ቀይ ሥር የተቀቀለበትን ውሃ ጥቂት ይጨምሩበት። ነጭ ጭስና እንፋሎት በጥቁር ሰሌዳ ፊት ይታያል፤ ባለቀለም ፈሳሽ ደግሞ ከኋላው ነጭ ወረቀት ይፈልጋል። መስኮት ከጀርባዎ ከሆነ ተማሪው የሚያየው ጥላዎን ብቻ ነው፤ ጠረጴዛውን ብርሃን ከጎን ወደሚመጣበት ያዙሩት። ጠረጴዛው ላይ ሌላ ዴስክ ወይም ጠንካራ ሳጥን ደርበው ዕቃውን ወደ ተቀማጭ ተማሪ ዓይን ከፍታ ያድርሱት። ሲያነቃንቁት የማይወዛወዝ መሆኑን ግን ያረጋግጡ።

ስለ ማዞር ያሉት ልክ ነው። 70 ተማሪ እያንዳንዱ 15 ሰከንድ ቢይዘው ከ17 ደቂቃ በላይ ነው፤ የመጨረሻው ተማሪ እጅ ሲገባ እርስዎ ሌላ ርዕስ ላይ ነዎት። የሚዞር ነገር ካለ አምስት ስድስት ቅጂ ይኑረው፤ የሚዞረውም ሠርቶ ማሳየቱ ካለቀ በኋላ ይሁን።

እንደ ማግኔትና የብረት ብናኝ ያሉ ተጋድመው የሚሠሩ ነገሮች ምንም ቢደረግ ከሩቅ አይታዩም። ለእነዚህ ክፍሉን ለሁለት ይክፈሉት። 35ቱ ግምታቸውንና ሥዕሉን ደብተራቸው ላይ ሲሠሩ፣ 35ቱ በግማሽ ክብ ይሰብሰቡ፤ የመጀመሪያው ረድፍ መሬት ላይ ይቀመጥ፣ ቀጣዩ ዴስክ ላይ፣ የኋለኛው ይቁም። አምስት ደቂቃ ሠርተው ይቀያይሯቸው። ሁለት ጊዜ መሥራትዎ ኪሳራ አይደለም፤ በሁለተኛው ዙር እጅዎ ይፈታል።

ቴርሞ ሜትርና ሚዛንን የመሳሰለውን ንባብ አንድ ተማሪ ጮክ ብሎ ያንብበው፣ ሌላው ሰሌዳው ላይ በትልቁ ይጻፈው። ዋናው ለውጥ በሚታይበት ቅጽበት ደግሞ እርስዎ ዝም ይበሉ። መምህር ሲናገር ተማሪ የሚያየው የመምህሩን አፍ ነው።

ጥያቄ፦ ሳህን ላይ ውሃ አድርገን፣ መካከሉ ሻማ ለኩሰን፣ በብርጭቆ ስንከድነው ውሃው ወደ ብርጭቆው ይወጣል። «ኦክስጅን የአየር አንድ አምስተኛ ስለሆነ ያን ያህል ከፍ አለ» ብዬ አስተምራለሁ። አንድ ተማሪ ግን «ሻማው ከጠፋ በኋላ ለምን ወጣ?» አለኝ።
(የ8ኛ ክፍል መምህር፣ ሆሳዕና)

መልስ፦ ተማሪው ከመጽሐፉ ይልቅ ዓይኑን አምኗል፤ ልክም ነው። ይህ ሠርቶ ማሳያ በብዙ አገር ከስህተት ማብራሪያው ጋር አብሮ የሚዞር ነው።

የሚሆነው ይህ ነው። ብርጭቆው ሲደፋ የሻማው ሙቀት በውስጡ ያለውን አየር ያሰፋዋል፤ ከፊሉም በብርጭቆው ከንፈር ሥር አረፋ እየሠራ ይወጣል። ሻማው ሲጠፋ የቀረው አየር ይቀዘቅዛል፣ ይኮማተራል፤ የውጪው የአየር ግፊት ውሃውን ወደ ውስጥ ይገፋዋል። አብዛኛው ውሃ ከጠፋ በኋላ የሚወጣው ለዚህ ነው። ኦክስጅኑ ቢቀንስም በቦታው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይተካል፤ የሻማው ነበልባልም ኦክስጅኑ ገና ብዙ ሳለ፣ ወደ 16 ከመቶ አካባቢ ሲወርድ ይጠፋል። ስለዚህ የኦክስጅኑ መቀነስ ድርሻ ትንሽ ነው።

ዕቃዎቹን አይጣሏቸው፤ ጥያቄውን ይለውጡት። 3 ሴንቲ ሜትር ቁመት ያላቸው አራት ሻማዎች፣ ሁለት ሳህንና ሁለት እኩል ብርጭቆ ያዘጋጁ። ሳህኖቹ ላይ 1.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ባለቀለም ውሃ ይኑር። በአንዱ አንድ ሻማ፣ በሌላው ሦስት ይትከሉ። «አየሩ እኩል ነው፤ ኦክስጅኑም እኩል ነው። ውሃው የት ነው ከፍ የሚለው?» ብለው ያስገምቱ። ሦስት ሻማ ያለበት ብርጭቆ ብዙ ውሃ ይስባል። «አንድ አምስተኛ» የሚለው ማብራሪያ ከዚያ በኋላ ተቀባይነት ሊኖረው አይችልም። ብርጭቆውን በዝግታ መድፋትዎን አይርሱ፤ በፍጥነት ከደፉት አየሩ ሳይሞቅ ስለሚታሰር የሁለቱ ልዩነት ይጠባል።

አንድ አምስተኛውን በእርግጥ ማሳየት ከፈለጉ ዝገት ይጠቀሙ። ድስት የሚፈተግበትን፣ እንደ ሱፍ የሚለሰልሰውን ቀጭን የብረት ሽቦ ይግዙ። የማይዝገው ዓይነት አይሆንም፤ ለመለየት ትንሽ ቆርጠው እርጥብ አድርገው ያሳድሩት። ሽቦውን አቼቶ ውስጥ አንድ ደቂቃ ይንከሩት፤ ይህ ከዝገት የሚከላከለውን የዘይት ሽፋን ያነሳል። በውሃ ያለቅልቁት፣ ያራግፉት፣ ሳይጠቀጠቅ የረጅም ጠባብ ብርጭቆ ሲሶ እስኪሞላ ወደ ታችኛው ጫፍ ይክተቱት። ብርጭቆውን ውሃ ባለበት ሳህን ላይ ይድፉትና የውሃውን ከፍታ በእስክሪብቶ ያመልክቱ። ከአንድ እስከ ሁለት ቀን ይቆይ። ውሃው ቀስ እያለ የአየሩን አንድ አምስተኛ ያህል ይወጣል፤ የአየሩ ክፍል 15 ሴንቲ ሜትር ከነበረ 3 ሴንቲ ሜትር ገደማ። ዝገቱ ጋዝ አይተካምና እዚህ ላይ ስሌቱ ይሠራል። ሳህኑ ደርቆ የብርጭቆው ከንፈር ከተጋለጠ አየር ስለሚገባ በመካከሉ ውሃ ይጨምሩ። ሲለኩም ውስጥና ውጪ ያለው ውሃ እኩል እስኪሆን ሳህኑን ይሙሉት።

ጥያቄ፦ «ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል» ብዬ ተማሪዎች ፊት ሳፈላ ቴርሞ ሜትሩ 91 ላይ ቆመ። አፈርኩ። ሠርቶ ማሳየት ሲከሽፍ ምን ይደረጋል?
(መምህርት፣ ደብረ ብርሃን)

መልስ፦ አልከሸፈም። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር አካባቢ ላይ ነች። ከፍታ በጨመረ ቁጥር የአየር ግፊት ስለሚቀንስ፣ ውሃ የሚፈላበት ሙቀት በየ300 ሜትሩ ወደ 1 ዲግሪ ይወርዳል። ስለዚህ እርስዎ ጋ ከ90 እስከ 91 የሚጠበቅ ነው። አዲስ አበባ ላይ 92 አካባቢ፣ ባሕር ዳር ላይ 94 አካባቢ ይሆናል፤ ከባሕር ጠለል በታች በሆነው ዳሎል ደግሞ ከ100 ጥቂት ያልፋል። «100 ዲግሪ» የሚለው ለባሕር ጠለል ነው። ይህን የሚያውቅ የደጋ ልጅ ንፍሮ እነሱ ቤት ለምን ቶሎ እንደማይበስልና ፕሬዠር ኩከር ለምን እንደሚረዳ ራሱ ይነግርዎታል።

ቴርሞ ሜትሩን ከተጠራጠሩ የሚቀልጥ በረዶ ውስጥ ያስገቡት። ከፍሪጅ የወጣ በረዶ ተሰባብሮ፣ ጥቂት ውሃ ተጨምሮበት፣ ሦስት ደቂቃ ሲማሰል 0 ማሳየት አለበት፤ ይህኛው በከፍታ የሚነካው ከቁም ነገር የማይገባ ያህል ነው። 0 ላይ ልክ ከሆነ 91ንም ይመኑት። ሲያፈሉ የቴርሞ ሜትሩ ጫፍ ውሃው ውስጥ ይንጠልጠል እንጂ የድስቱን ታች አይንካ፤ ከነካ የሚያነቡት የብረቱን ሙቀት ነው።

አጠቃላይ ጥያቄዎን በተመለከተ፦ ያልተጠበቀ ውጤት ሲመጣ «መሆን የነበረበት ይህ ነበር» ብሎ ማለፍ ከሁሉ የከፋው ነው። ተማሪው የሚማረው ትምህርቱ ከሚታየው ጋር እንደማይገናኝ ነው። የታየውን ሰሌዳ ላይ ይጻፉ፣ ሊለያይ የሚችለውን ነገር ከተማሪዎቹ ይሰብስቡ፣ አንዱን ለይተው እዚያው ወይም በቀጣዩ ክፍለ ጊዜ ይፈትሹ። በእውነት የሚከሽፍ ሠርቶ ማሳያ ግን አብዛኛውን ጊዜ አስቀድሞ ያልተሞከረ ነው። የባለፈው ዓመት ሙከራ አይቆጠርም፤ ባትሪው ደክሟል፣ የተገዛው ሻማ ሌላ ነው፣ አዮዲኑ ቀለሙን ለቋል። በዋዜማው፣ በዚያው ክፍል፣ በዚያው ዕቃ ይሞክሩት።

ጥያቄ፦ ኤሌክትሪክ አስተምራለሁ። የስፒና አገጣጠም ሳሳይ ሁሉም «ገብቶናል» ይላሉ፤ ካቻቢቴ ሲይዙ ግን ከመጀመሪያው እርምጃ ይሳሳታሉ።
(የቴክኒክና ሙያ አሠልጣኝ፣ አዳማ)

መልስ፦ የእጅ ሙያ ከሳይንስ ሙከራ የሚለየው፣ ተመልካቹ በመጨረሻ ራሱ መሥራት ስላለበት ነው። «ገብቶናል» እዚህ ላይ ምንም አይመዝንም። ቀዶ ሐኪሙ ሮድኒ ፔይተን በ1998 እ.ኤ.አ. ለሕክምና ሥልጠና ያስቀመጠው ባለ አራት ደረጃ አካሄድ ለእርስዎም ይስማማል። መጀመሪያ ሥራውን በተለመደው ፍጥነት፣ ያለ አንዳች ቃል ይሥሩት፤ ሠልጣኙ ሙሉውን መልክ ይያዝ። ሁለተኛ ዝግ ብለው እያንዳንዱን እርምጃ ከነምክንያቱ እየተናገሩ ይሥሩ። ሦስተኛ ሠልጣኙ ይናገር፣ እርስዎ የሚለውን ብቻ ይሥሩ። አራተኛ ሠልጣኙ እየተናገረ ራሱ ይሥራ።

ዋናው ሦስተኛው ነው፤ ጊዜ አጠረ ተብሎ የሚዘለለውም እሱ ነው። እጅዎ የሠልጣኙን ቃል ሲጠብቅ፣ የዘለለው እርምጃ ሽቦ ሳይቆረጥና ዕቃ ሳይበላሽ ይጋለጣል። «ገመዱን አስገባ» ካለዎት እና ክዳኑን አስቀድሞ በገመዱ ላይ ማሳለፍን ካልነገረዎ፣ ያለ ክዳን ይቀጥሉ። መጨረሻ ላይ ሁሉንም ፈትቶ እንደገና መጀመር እንዳለበት ሲያይ ሁለተኛ አይረሳውም።

ባለ ሦስት ሽቦ ስፒናን በሰባት እርምጃ ይክፈሉት፤ ከሰባት በላይ በአንድ ጊዜ አይያዝም። ክዳኑን በገመዱ ላይ ማሳለፍ፤ የውጪውን ልባስ 4 ሴንቲ ሜትር ያህል መግፈፍ፤ ሽቦዎቹን ለክቶ መቁረጥ፤ ጫፋቸውን ከ6 እስከ 8 ሚሊ ሜትር መላጥ፤ ጭራዎቹን ጠምዝዞ ማሠር፤ የገመድ መያዣውን ማጥበቅ፤ ጎትቶ መፈተሽና መክደን። ምክንያት የሌለው እርምጃ አይንገሯቸው። ቢጫና አረንጓዴው የመሬት ሽቦ ከሌሎቹ ረዘም ብሎ የሚቀረው፣ ገመዱ በኃይል ቢጎተት መጨረሻ የሚነቀለው እሱ እንዲሆን ነው። ጭራው ብሎኑን የሚጠመጥመው ብሎኑ በሚጠብቅበት አቅጣጫ ነው፤ በተቃራኒው ከዞረ ሲያጠብቁት ይገፋል። ልባሱ መያዣው ውስጥ ካልገባ ጉልበቱን ሁሉ የሚሸከሙት ቀጫጭኖቹ ሽቦዎች ናቸው። ቡናማው ሽቦ ኃይል የሚያመጣው፣ ሰማያዊው የመልሱ ነው፤ አሮጌ ገመድ ላይ ቀለሙ ሌላ ሊሆን ስለሚችል በቀለም ብቻ እንዳያምኑ ይንገሯቸው።

ሠልጣኞቹ ፊት ለፊትዎ ከቆሙ ግራና ቀኙ ይገለበጥባቸዋል። ከጎንዎና ከጀርባዎ ሆነው በትከሻዎ ላይ ይመልከቱ፤ በአንድ ዙር ከስድስት ሰው አይብለጥ። ግራኝ ሠልጣኝ ካለ ግን እሱ ፊት ለፊትዎ ይቁም፤ ለእሱ ያ ልክ እንደ መስታወት ነው። የተገጠመው ሁሉ በሞካሪ መሣሪያ ሳይፈተሽ ሶኬት ላይ አይሰካ።

ጥያቄ፦ በስልኬ ቪዲዮ ባሳይስ? ዕቃ ከመሸከም ይቀላል።
(ያልተገለጸ)

መልስ፦ እሳተ ገሞራን ወይም የልብ ቀዶ ሕክምናን ለማሳየት ሌላ ምን አማራጭ አለ? ሻማ ለማሳየት ግን አይጠቀሙበት። አገራችን በ2004 እ.ኤ.አ. በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የጀመረችው የፕላዝማ ትምህርት ትልቁ ስሞታ፣ መምህሩ ሥርጭቱን ማቆም አለመቻሉ ነበር። ስልክ ይቆማል፤ ይህን ዕድል ይጠቀሙበት። ውጤቱ ከመታየቱ አንድ ሰከንድ በፊት ያቁሙት፣ ያስገምቱ፣ ድምፁን ዘግተው ይልቀቁት፣ ማብራሪያው ከተማሪው ይምጣ። የ6 ኢንች ስልክ ግን ከአምስት ስድስት ተማሪ በላይ አያሳይም።

ጥያቄ፦ 1ኛ ክፍል አስተምራለሁ። ፊደል ጽፌ፣ ድምፁን ብዬ ሳሳያቸው በአንድ ድምፅ ይከተሉኛል። ለየብቻ ስጠይቅ ግን ብዙዎቹ አይለዩም።
(መምህርት፣ ፍኖተ ሰላም)

መልስ፦ የኅብረት ድምፅ የማያውቀውን ልጅ ይደብቃል። «እኔ ልሥራ፣ አብረን እንሥራ፣ እናንተ ሥሩ» ከሚለው ቅደም ተከተል ሁለተኛው ላይ ቆመዋል ማለት ነው። አብሮ ማለቱን ሁለት ሦስት ጊዜ ብቻ ያድርጉትና በረድፍ፣ ከዚያ በጥንድ፣ ከዚያ በተናጠል ያውርዱት። በቀን አሥር ልጅ ለየብቻ ከሰሙ 50 ልጅ በሳምንት ይዳረሳል።

ስታሳዩ ደግሞ የሚምታቱትን ጎን ለጎን አሳዩ። «በ»ንና «ሰ»ን በተለያየ ቀን ያየ ልጅ ሁለቱንም ባለ ሁለት እግር ብሎ ይይዛቸዋል። በአንድ ሰሌዳ ላይ በትልቁ ጽፈው፣ «በ» ላዩ ጠፍጣፋ፣ «ሰ» ላዩ የጎጆ ጣሪያ መሆኑን ጣታቸው በአየር ላይ እንዲከተል ያድርጉ። ሲጽፉ ጀርባዎ ፊደሉን ይጋርዳል፤ ወደ ጎን ቆመው፣ ክንድዎን ዘርግተው፣ እያንዳንዱን ጭረት ከጀመሩበት እስከ ጨረሱበት ቀስ ብለው ይሳቡት። ልጆቹ የተጠናቀቀውን ፊደል ብቻ ሳይሆን ጭረቱ ከየት እንደሚጀምር ማየት አለባቸው። በአየር ላይ ለመጻፍ ፊትዎን ወደ ልጆቹ ካዞሩ እርስዎ ገልብጠው መጻፍ አለብዎ፤ ካልለመዱት ጀርባዎን ሰጥተው እጅዎን ከራስዎ በላይ ከፍ አድርገው ይጻፉ።

ጥያቄ፦ ተማሪዎች እሳት ያለበትን ሙከራ ይወዳሉ። አልኮልና የተለያዩ ጨዎችን አቃጥዬ የነበልባል ቀለም ማሳየት እፈልጋለሁ። ምን ልጠንቀቅ?
(የኬሚስትሪ መምህር፣ ሐዋሳ)

መልስ፦ በሚያስቡት መንገድ አይሥሩት። በሳህን ላይ ሜታኖል (አንዱ የአልኮል ዓይነት) እያፈሰሱ ቀለም የማሳየት ልማድ በአሜሪካ ትምህርት ቤቶችና የሳይንስ ማሳያ ቦታዎች ተማሪዎችን ደጋግሞ አቃጥሏል፤ የአገሪቱ የኬሚካል ደኅንነት ቦርድም በ2014 እ.ኤ.አ. ይህንኑ የሚመለከት ማስጠንቀቂያ እስከ ማውጣት ደርሷል። አደጋው የሚደርሰው በአብዛኛው በመጀመሪያው ማቀጣጠል አይደለም። ነበልባሉ ደከመ፣ የጠፋ መሰለ፤ መምህሩ ከጠርሙሱ ይጨምራል። የአልኮሉ ተን በአየር ላይ ይያያዝና እሳቱ ወደ ጠርሙሱ ተመልሶ ፊት ለፊት ወዳሉት ተማሪዎች ይተፋዋል። ሜታኖል በቀን ብርሃን ሲነድ እምብዛም አለመታየቱ ጣጣውን ያባብሰዋል።

ቀለሙን በሌላ መንገድ ያገኙታል። የእንጨት ማማሰያ ወይም የጥርስ እንጨት ጫፍ በጨው ውሃ ውስጥ አንድ ሌሊት ነክረው፣ በጋዝ ምድጃ ሰማያዊ ነበልባል ጫፍ ላይ ለጥቂት ሰከንድ ያሳዩት፤ የገበታ ጨው ብጫ ይሰጣል። የመዳብ ሰልፌት ካለዎት አረንጓዴ ይሰጣል። እንጨቱ ራሱ ከመያያዙ በፊት አንስተው አጠገብዎ ባለ የውሃ ጣሳ ውስጥ ይንከሩት። ክፍሉን ጥቂት ያጨልሙት እንጂ መውጫ መንገዱ እንዳይታይ አድርገው አያጨልሙ።

የአልኮል መብራት የሚጠቀሙ ከሆነ እየነደደ ወይም ገና ሙቅ ሳለ በፍጹም አይሙሉት፤ የአልኮሉ ጠርሙስ ተከድኖ ከክፍሉ ይውጣ። የመጀመሪያው ረድፍ ቢያንስ 2 ሜትር ይራቅ። የእርስዎ መነጽር፣ የታጠፈ እጅጌ፣ የታሠረ ፀጉርና ነጠላ፣ አንድ ባልዲ አሸዋ እና እርጥብ ወፍራም ጨርቅ ከመለኮስዎ በፊት ቦታቸውን ይያዙ። አሲድ የሚቀጥኑ ከሆነ አሲዱን ቀስ እያሉ ወደ ውሃው እንጂ ውሃውን ወደ አሲዱ አያፍስሱ፤ የሚፈጠረው ሙቀት አሲዱን ያስፈነጥረዋል።

ቃጠሎ ከደረሰ የተቃጠለውን ቦታ ለ20 ደቂቃ ቀዝቃዛ በሚፈስ ውሃ ሥር ይያዙት። ቧንቧ ከሌለ ከጀሪካን እያፈሰሱም ይሆናል። ቅቤ፣ የጥርስ ሳሙናም ሆነ በረዶ አይደረግበት። ቀለበትና አምባር ካለ ሳያብጥ ይውለቅ፤ ከቆዳው ጋር የተጣበቀ ልብስ ግን አይጎተት። ፊት ወይም እጅ ከተነካ፣ ወይም ቃጠሎው ከተማሪው መዳፍ ከሰፋ፣ 20 ደቂቃው ካለቀ በኋላ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍነው ወዲያው ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት።